ባትሪ ያዥ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ሂርማታ ቁልቁለት፣ ከወፍጮው አጠገብ፣ ነዚፍ ደጅ በጋራ
እንሰበሰባለን፤ ሦስት እግር በርጩማ ለየራሳችን፣
አራት ጡረተኞች፣ የደም ግፊት ክኒን በየኪሳችን።

በርጩማው የሱ ነው፤ ካንድ የዋንዛ ግንድ
ያለ ምስማር፣ ያለ ሙጫ፣ የሚያወጣው ልክ እንደ ልጅ ከሆድ።
"ሙጫ" ይላል ነዚፍ፣ "የሰነፍ ብልሃት ነው፤
እንጨትን ካንጨት ጋር በግድ ማጋባት ነው።"

ጊታሩ የወልደየስ፤ የቴሌው፣ የድሮ፤
ሰባት ክረምት ሙሉ ካልጋ ሥር ተቀብሮ፣
ሆዱ በርጥበት አብጦ፣ ደረቱ ተሰንጥቆ፣
የክሩ ማሰሪያ ከነሙጫው ለቅቆ፣
ከማዳበሪያ ከረጢት ቀስ አድርጎ ሲያወጣው፣
"እኔን ይመስላል" አለ።
"ያንተስ" አለች ሙሉሸዋ፣ "አልፎበታል፤ እሱን ግን እናውጣው።"

ሙሉሸዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀዶ ጥገና ክፍል ቆማለች።
መቆንጠጫ ይዛ መጣች፤ የጥርስ ሐኪም መስታወትም ጨምራለች።
እጇ አይንቀጠቀጥም።
የነዚፍ ይንቀጠቀጣል።
እናውቃለን። ማንም አያነሣም።
መሮው ሲያዳልጠው፣ "ወዲህ በለው፣ እኔም ልሞክር" ትላለች፣
ለጨዋታ ያህል፣ እንዳላየ ሆና ትቀበለዋለች።

የኔ ድርሻ ባትሪ መያዝ ነው።
ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ እንጨት የማውቀው
ካርታ ላይ፣ አረንጓዴ ሲቀባ ነው።

ክሩ ለሚያርፍበት አጥንት ፍለጋ ተማም ሥጋ ቤት ሄድን።
"ለሾርባ?" አለን ልጁ።
"ለጊታር።" ቢላውን አስቀመጠ፤
ትክ ብሎ አየንና፣ ሥጋ ያለበት ሌላ ጨምሮ ሰጠ።
"ጡረታ እንዲህ ያደርጋል?" ሲል ሰማሁት ስንወጣ።

ማሰሪያውን ለጠፍን፣ በባጃጅ ከመነዳሪ ጠፈርን፤
ሙጫ እስኪደርቅ ሥራችን መጠበቅ ነበር፣
ስለ ስኳር ዋጋ፣ ስለ ባንክ ወረፋ፣ ስለ ወልደየስ ጉልበት መማከር።

ነዚፍ ግን ጣቱን በቀዳዳው ሰዶ የድሮውን ጥገና ሲዳስስ
ደሙ ይፈላል፦
"ማነው ይሄን የነካካው? የምን ደንቆሮ ነው፣ ሰዎች?
ይሄ ድጋፍ ነው ወይስ የአጥር ማገር?
እጁ ይሰበር እንዳልል፣ መች እጅ አለውና!"
ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተሰደበ ሰውየው።
ወልደየስ የት እንዳሠራው አያስታውስም፤
"አጋሮ መሰለኝ… ወይ በደሌ፣ ለመስክ ሥራ ሳለሁ።"

በሦስተኛው ቅዳሜ ሙሉሸዋ መስታወቷን ሰደደች።
"ባትሪውን ዝቅ።" ዝቅ አደረግሁ።
"ወደ ግራ።" ወደ ግራ።
"ቁም።"
በአናጢ እርሳስ የተጻፈ፣ በመስታወት የተገለበጠ ፊደል፤
ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አንድ ባንድ ለቀመችው።
ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።
"ነዚፍ፣ ሰውየህን አገኘሁት።"
"ማነው?"
"ነዚፍ አባ ዝናብ ይላል። ሐምሌ ሰባ አንድ።"

ከታች አዌቱ ሲያጓራ ይሰማል፤ ደፍርሷል።
አንድ ባጃጅ ውሃ ረጭቶብን አለፈ፤ ማንም አልተቆጣ።
ወልደየስ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።
ነዚፍ መዳፉን ገልብጦ አየ፣
የሌላ ሰው ዕቃ በእጁ እንደተገኘበት፤
ደግሞ ወዲያ ገለበጠው።
"ልጅ ነበር" አለ።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ "እጁ ግን አይንቀጠቀጥም ነበር።"

ባትሪውን አጠፋሁ።
ድርሻዬ እሱ ነበርና።

ያንን ማገር አልነቀለውም፤ ከጎኑ አንድ ቀጭን ዋንዛ ደገፈ፣
ሙሉሸዋ ያዘችለት፤ በዚህ ጊዜ እንደ ዋዛ አላለችም።
በሳምንቱ ክር ገጠምን።
ወልደየስ ትከሻው ላይ አስደግፎ ቃኘው፣
ባቲ ነው፣ አይደለም፣ ሲባል ግማሽ ሰዓት ሄደ።
ሦስተኛው ክር ይነዝራል፤
ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ንብ።
"ይሄስ የማን ሥራ ነው?" ልል አልኩና
አራታችንም ቀና ብለን ዝናቡን አየን፤
ከጅሬን በኩል እየመጣ ነበር።